የበግ ሳል፦ ከመጋታችሁ በፊት ትንፋሿን ቁጠሩ

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ አክስቴ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ደወሉ። የእሳቸው ስልክ ሁልጊዜ በሰላምታ ነው የሚጀምረው። የልጆቹ፣ የጎረቤቱ፣ የማሳው ደኅንነት ተጠይቆ ሲያልቅ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። የዚያን ቀን ግን ሰላምታው ተዘለለ።

«ያቺ ዳለቻዋ በግ ታስላለች። አረቄ በነጭ ሽንኩርት ልጋታት ወይስ ትሰንብት?»

«ኧረ አክስቴ፣ እንዳይግቷት!» አልኩ። ሳላውቀው ጮኼ ኖሮ ጸጥ አሉ።

የጮኽኩት በምክንያት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ግቢዬ ውስጥ አንድ ጠቦት ታሞብኝ ነበር። ሳል ብቻ ነበር፤ ይበላል፣ ይቆማል። እኔ አፉን ወደ ሰማይ ቀና አድርጌ ያዝኩ፣ ጎረቤቴ በቢራ ጠርሙስ አንቆረቆረለት። ጠቦቱ ሁለቴ ትን አለው። በማግሥቱ ቁና ቁና ይተነፍስ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሞተ። «በሽታው ጸንቶበት ነው» ብለን ተጽናናን። በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ታሪኩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «የገደለው ሳሉ አይደለም፣ ጠርሙሱ ነው» አለኝ።

በሰሜን ሸዋ ደጋ በግ ያለው ቤት ሁሉ የበግ ሳል ያውቃል። ከውርጩ ጋር ይመጣል፣ ከክረምቱ ማግሥት ይብሳል። ብዙዎቻችን «ብርድ መታት» ብለን እናልፈዋለን፤ ወይ ደግሞ እጃችን ላይ ያገኘነውን ሁሉ እንግታለን። ሁለቱም በግ ያስከፍላሉ።

ሳል በሽታ ነው ወይስ ምልክት?

ምልክት ነው። ይህን ለመረዳት የበጓን አየር መንገድ ማየት ይጠቅማል።

ዛፍ ገልብጣችሁ አስቡ። ግንዱ ከጉሮሮ የሚወርደው የአየር ቧንቧ ነው። እየወረደ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅርንጫፉም ሌላ ቅርንጫፍ። በጫፎቹ ላይ እንደ ቅጠል የተሰካኩት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ናቸው። አየርና ደም የሚገናኙት እዚያ ነው።

የቧንቧው ግድግዳ በቀጭን ንፍጥ የተቀባ ነው። ከንፍጡ ሥር በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ። አቧራውና ተሕዋሲያኑ ንፍጡ ላይ ይጣበቃሉ፣ ፀጉሮቹ ቀን ከሌት ወደ ላይ ወደ ጉሮሮ ይጠርጓቸዋል፣ በጓም ትውጣቸዋለች። መጥረጊያ ማለት ነው። ሳል የሚመጣው መጥረጊያው ሥራው ሲበዛበት ነው። መጥረጊያ ያልቻለውን በአካፋ ማውጣት እንደማለት። ስለዚህ አንዳንድ ሳል በጎ ነገር ነው፤ አቧራ ላይ ሄዳ ሁለቴ ያሳለች በግ አልታመመችም።

ችግሩ ቆሻሻው ወደ ታች ሲያልፍ ነው። ከረጢቶቹ በአየር ፈንታ በፈሳሽና በመግል ይሞላሉ። ሳንባ ምች የምንለው ይህ ነው። ለበዓል በግ ስታርዱ ሳንባውን ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ጤነኛው ሮዝማ ነው፤ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይለዝባል፤ ውሃ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል። ምች የነካው ክፍል ግን ጠቁሮና ጠጥሮ ጉበት ይመስላል። ያን ክፍል ቆርጣችሁ ውሃ ላይ ብትጥሉት ይሰምጣል። አየር የለበትማ።

ታዲያ «ብርድ መታት» ማለት ስሕተት ነው?

ግማሽ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የመንዝ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጧት ጧት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። የመንዝ በግ ግን ለዚህ የተፈጠረች ናት። ባና የሚሠራው ከማን ፀጉር ሆነና? ደረቅ ሆና፣ ጠግባ፣ ከነፋስ ከተከለለች ብርዱን ትችለዋለች።

ብርድ ተሕዋስ አይፈጥርም። ሳንባ ምች ከሚያመጡት ዋነኞቹ፣ ማንሄሚያና ፓስቱሬላ የሚባሉት ባክቴሪያዎች፣ ጤነኛ በግ ጉሮሮ ውስጥም ይኖራሉ። ሌባው እቤት ነው ያለው። በዘበኛው ፊት ግን ምንም አያደርግም። ዘበኛው ሲደክም ነው ወደ ሳንባ የሚወርደው።

ዘበኛውን የሚያደክሙት ነገሮች ብዙ ናቸው። ዝናብ ላይ በስብሶ ማደር። ረሃብ። ከሞላሌ ገበያ እስከ ከተማ በአይሱዙ ላይ ተጨናንቆ መጓዝ። ከጡት መለየት። የትል ሸክም። ሌላ የቫይረስ በሽታ። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ሲከረክር። ብርድ ከእነዚህ አንዱ ነው እንጂ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም።

አንድ ሌላ ጥፋተኛ አለ፣ እሱን የምናመጣው እኛው ነን። ብርዱን ፈርተን ጉረኖውን እንደ ጎተራ እንደፍነዋለን። ሽንትና በጠጥ ከሥር ይከማቻል። ከዚያ የሚነሳው የሚቆረቁር ጋዝ፣ አሞኒያ፣ እነዚያን ጠራጊ ፀጉሮች ሽባ ያደርጋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ጧት በሩ ሳይከፈት ግቡና በበጓ አፍንጫ ልክ ቁጢጥ በሉ። ቆማችሁ አይደለም፣ ቁጢጥ ብላችሁ። ዓይናችሁን ካቃጠለ እሷ ሌሊቱን ሙሉ ስትተነፍሰው ያደረችው እሱን ነው። መፍትሔው ነፋስ ማስገባት አይደለም። ከጣሪያው ሥር፣ ከበጓ ጀርባ በላይ፣ ጋዙና እርጥበቱ የሚወጣበት ክፍተት መተው ነው። ከታች ደግሞ ደረቅ ጭድ ማንጠፍ።

በነገራችን ላይ የታመመች በግ በጭስ ማጠን ከዚሁ ይቆጠራል። ሳንባዋ አየር አጥቶ የሚጨነቅን እንስሳ ጭስ ውስጥ መዝጋት ነው።

ሳል ያመጣው ምን እንደሆነ በምን ልገምት?

እርግጡን የሚናገረው ሐኪም ነው። አካሄዱ ግን ፍንጭ ይሰጣል።

ድንገተኛ ከሆነ፣ ትናንት ደኅና የነበረች በግ ዛሬ ጧት አንገቷን ደፍታ፣ ጆሮዋን ጥላ፣ መኖ ንቃ፣ ትኩሳት ይዟት ከተገኘች፣ ባክቴሪያ ያመጣው ሳንባ ምች ይጠረጠራል። ይህ ጊዜ አይሰጥም። አንዳንዷ ሳትስል ጭምር በአንድ ሌሊት ትሞታለች። ግልገሎች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ በተለይ እንገር በጊዜ ያልጠቡት። የግልገል አንጀት ከእንገሩ መከላከያውን የሚቀበለው በተወለደች የመጀመሪያዋ ቀን ብቻ ነው፤ ዋነኛዎቹም የመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ናቸው።

ዘገምተኛ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በጓ ትበላለች፣ ታመሰኳለች፣ ትኩሳት የላትም። ግን ዳገት ስትወጣ ወይም ስትነዳ ትስላለች። ሣር እየጠገበች ትከሳለች። ይህ የሳንባ ትል ሳይሆን አይቀርም። ለደጋችን እርጥብ ግጦሽ የተሰፋ በሽታ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ትሉ ነጭ ክር ይመስላል፤ የሚኖረውም አየር ቧንቧው ውስጥ ነው። እንቁላል ይጥላል። በጓ ስትስል እንቁላሉ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ትውጠዋለች፣ ሆድ ውስጥ ይፈለፈላል፣ እጩ በበጠጥ ይወጣል። እርጥብ ሣር ላይ አንድ ሳምንት ገደማ ይቆይና ለመግባት ይበቃል። ሌላ በግ ከሣሩ ጋር ትበላዋለች። ከአንጀት ተነስቶ ራሱ መንገዱን ፈልጎ ሳንባ ይደርሳል። በአምስት ሳምንት አካባቢ አድጎ ሌላ እንቁላል ይጀምራል። በክረምትና ከክረምት ማግሥት የሚበዛውም ለዚህ ነው፤ እጩ ድርቅ አይወድም። ከሳንባ ትል ውስጥ ቀንድ አውጣን እንደ ማደሪያ የሚጠቀሙም አሉ። ረግረግ ዳር ማልዶ ማሰማራት ለሁለቱም ምቹ ነው። ጤዛው እስኪረግፍ መጠበቅ ቀላል ጥንቃቄ ነው።

ስታስል ሳይሆን ስታስነጥስ ከሆነ፣ ራሷን የምታራግፍ፣ አፍንጫዋን መሬት ላይ የምትፈትግ ከሆነ፣ ችግሩ ከሳንባ በላይ ነው። አንድ ዓይነት ዝንብ እጯን በአፍንጫ ቀዳዳ ላይ ትረጫለች፣ እጩ ወደ ላይ ወጥቶ ያድጋል። የአፍንጫ ትል ይሉታል። ያሰቃያል እንጂ እንደ ሳንባ ምች አይገድልም።

ብዙ በጎችና ፍየሎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከታመሙ ግን ሌላ ስም ይነሳል፦ ደስታ መሰል። በትኩሳት ይጀምራል። ከዓይንና ከአፍንጫ የሚወርደው መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ነው፣ ከዚያ ወፍሮ አፍንጫ ላይ ይደርቃል። አፍ ውስጥ ቁስል ይወጣል፣ ትንፋሹ ይከረፋል፣ ተቅማጥ ይከተላል። ሳሉ ከዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ነው። ሰውን አይዝም። ስሙን ያገኘው ከከብቱ ደስታ ነው፤ ያ በ1880ዎቹ ክፉ ቀንን ያመጣብን፣ በሬ ጨርሶ አገር ያስራበው በሽታ። የከብቱ ደስታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። የበግና የፍየሉን ደግሞ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ዓለም አቀፍ ዘመቻ አለ። ይህን ከጠረጠራችሁ መንጋውን ከጎረቤት መንጋ ለዩ፣ ወደ ገበያ አታውጡ፣ ለእንስሳት ጤና ኬላው በዚያው ቀን ንገሩ። የታመመውን በግ ቶሎ ሸጦ ለመገላገል መሞከር በሽታውን ከገበያ ወደ ገበያ ማድረስ ነው። አዝናለሁ፣ ግን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ዓመታት የሚፈጅ ሌላም አለ፣ ሜዲ ቪስና ይባላል። «ሜዲ» በአይስላንድ ቋንቋ የትንፋሽ እጥረት ማለት ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. ከጀርመን የገቡ በጎች ይዘውት ገብተው የአይስላንድን መንጋ ፈጅቷል። በእኛም ደጋ ከውጭ ዝርያ ጋር በተዳቀሉ በጎች ላይ ታይቷል። ትልልቅ በጎች ትኩሳት ሳይኖራቸው እየከሱ፣ ትንፋሻቸው እያጠረ ይሄዳሉ። መድኃኒት የለውም።

ትንፋሽ እንዴት ይቆጠራል?

ሳል ያስደነግጣል፣ ትንፋሽ ግን ይመሰክራል። በግ በተፈጥሮዋ ሕመሟን ደባቂ ናት፤ አውሬ ደካማውን እንደሚመርጥ ታውቃለች። ሰው ሲቀርብ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ስለዚህ ከሩቅ ነው የሚታየው።

ጧት፣ ሳይሞቅ፣ ከመሰማራቷ በፊት። አሥር እርምጃ ያህል ራቁ። ጎኗን እዩ፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንት ኋላ ያለውን ለስላሳ ቦታ። ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ያረፈች ትልቅ በግ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ትተነፍሳለች። ወደ 30 ቢጠጋም ብዙ አያስደነግጥ፤ ሞቆባት ወይም ፈርታ ይሆናል። በቀዝቃዛ ጧት፣ ቆማ፣ ከ40 በላይ ከሆነ ግን ሐኪም ጋ ነው። ከቁጥሩ ጋር አተነፋፈሷንም እዩ። ሆዷ አብሮ የሚገፋ፣ አንገቷን ዘርግታ የምትስብ፣ አፍንጫዋ የሚነፋፋ ከሆነ ቁጥሩ ባይደርስም አትጠብቁ። በግ በአፍንጫዋ ነው የምትተነፍሰው። ሳትሮጥና ሳይሞቃት አፏን ከፍታ ከተነፈሰች የመጨረሻው ደወል ነው።

አክስቴ የእጅ ሰዓት የላቸውም። «ስልኩን ልጁ ይያዝልኝ፣ እኔ በመቁጠሪያዬ እቆጥራለሁ» አሉ። የእሳቸው መቁጠሪያ 41 ፍሬ አለው። ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላየሁም፦ ደቂቃው ሳያልቅ መቁጠሪያው ካለቀ ወደ ክሊኒክ።

ቴርሞሜትር ካላችሁ ደግሞ እሰየው። ከፋርማሲ የሚገዛው የሰው ዲጂታል ይሠራል፤ ለበግ ብቻ ይቀመጥ እንጂ። ጫፉን ቫዝሊን ቀብታችሁ በፊንጢጣ አስገቡ፣ ወደ ግድግዳው አስጠጉት፣ እስኪጮህ ጠብቁ። ጤነኛ በግ ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ናት፣ ፀሐይ ላይ 40 ትነካለች። ለሰው ትኩሳት የሚሆነው ለእሷ ጤና ነው። ከ40.5 በላይ ትኩሳት ነው። ታማ ተኝታ ከ38 በታች ከሆነች ይብሳል፤ ሰውነቷ መሸነፍ ጀምሯል።

መጋት ለምን ይገድላል?

ጉሮሮ ውስጥ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን አለ። አንዱ ወደ ሆድ፣ አንዱ ወደ ሳንባ። ስንውጥ የሳንባውን በር ትንሽ ክዳን ይዘጋዋል። በግ በራሷ ስትጠጣ አንገቷ ወደ ታች ነው። ክዳኑ በትክክል ይሠራል፣ ትን ቢላትም ፈሳሹ በአፍንጫዋ ይወጣል።

እኛ አፏን ወደ ሰማይ ስናቀና ነገሩ ይገለበጣል። መዋጥ ያቅታታል። ፈሳሹ በክብደቱ ይወርዳል፣ የተከፈተ በር ያገኛል። በዚያ ላይ የታመመች በግ ትንፋሿ ፈጣን ነው፤ በሩ በየሰከንዱ ይከፈታል። አረቄው፣ ዘይቱ፣ የነጭ ሽንኩርቱ ውሃ ቀጥታ ከረጢቶቹ ውስጥ ይገባል። ዘይትና ቅቤ የባሱ ናቸው። ጉሮሮን ስለማይኮረኩሩ ሳል እንኳ አይቀሰቅሱም። ጸጥ ብለው ይገባሉ፣ ሳንባም አይመጥጣቸውም። በማግሥቱ የሚመጣው ሳንባ ምች የእኛ ሥራ ነው።

መድኃኒት በአፍ መስጠት የግድ ሲሆንስ? የትል መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በአፍ ነው። እንዲህ ይደረግ። በጓ ቁማ ትሁን። ኋላዋን ጥግ አስይዟት። በአንድ እጅ አገጯን ደግፉ፣ ግን አፍንጫዋ ከዓይኗ በላይ አይውጣ። ጠርሙስ ሳይሆን መርፌው የወለቀ ስሪንጅ ያዙ። በአፏ ጥግ በኩል አስገቡ፤ በፊት ጥርስና በመንጋጋ መካከል ባዶ ቦታ አለ፣ አትነክሳችሁም። ትንሽ ስጡ፣ ስትውጥ አይታችሁ ሌላ ትንሽ። ካሳላት ወዲያው አንገቷን ልቀቁ፣ ወደ ታች ትድፋ። ምላሷን አትጎትቱ፤ ምላስ ካልተንቀሳቀሰ መዋጥ የለም።

ለተኛች፣ ለደከመች፣ ወይም ቁና ቁና ለምትተነፍስ በግ ግን በአፍ ምንም አትስጡ። ውሃም ቢሆን። ውሃውን አጠገቧ አስቀምጡ፣ ካሻት ራሷ ትጠጣለች።

ኦክሲ ብወጋትስ?

ገበያ ላይ «ኦክሲ» እየተባለ የሚሸጠው ኦክሲቴትራሳይክሊን እውነተኛ መድኃኒት ነው። ባክቴሪያ ላመጣው ሳንባ ምች፣ በጊዜ ከተሰጠ፣ ያድናል። ትልን ግን አይገድልም። ቫይረስንም። ደስታ መሰል ላይ ሐኪም ቢያዝዘው እንኳ በቫይረሱ ላይ ተደርቦ ለሚመጣው ባክቴሪያ ነው።

ሁለት ስሕተት በብዛት አያለሁ። አንደኛው በግምት መውጋት ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ ብዙዎቹ እናት በጎች ከ25 ኪሎ አይበልጡም። ሲበዛም ሲያንስም ጉዳት አለው። ሲያንስ ተሕዋሱ አይሞትም፣ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ሁለተኛው አንድ ቀን ወግቶ «ተሻላት» ብሎ ማቆም ነው። ሐኪሙ ያዘዘው ቀን ይሞላ። ሦስተኛም ልጨምር፦ መድኃኒት የተወጋች በግ መለያው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳያልቅ አትታረድም። በዓል ሲደርስ ይህ ይረሳል።

የትሉን መድኃኒት በተመለከተ አልቤንዳዞልና አይቨርሜክቲን የሳንባ ትልን ይገድላሉ። አልቤንዳዞል በአውራ ከተጠቃች ወር ላልሞላት እርጉዝ በግ አይሰጥም፤ ጽንሱን ይጎዳል። የሳንባ ትል መኖሩን ለማረጋገጥ ትኩስ በጠጥ ወደ ክሊኒክ ይወሰዳል። በሻሽ ተቋጥሮ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይንጠለጠላል፣ እጩ እየዋኘ ወጥቶ ከታች ይዘቅጣል። እንቁላል የሚፈልገው የተለመደው ምርመራ ሊስተው ይችላል፤ እንቁላሉ ሆድ ውስጥ ተፈልፍሎ አልቋልና። ስለዚህ «የሳንባ ትል ይታይልኝ» ብላችሁ ተናገሩ።

ሐኪሙ እስኪመጣ ምን ላድርግ?

ከሌሎቹ ለዩአት፤ ግን ብቻዋን አትተዉአት። በግ ለብቻዋ ስትሆን ትጨነቃለች፣ ጭንቀት ደግሞ ትንፋሽ ይጨምራል። ጓደኞቿን በአጥር ቀዳዳ ታያቸው። ደረቅ ቦታ፣ ነፋስ የማይመታው፣ ጭስ የሌለው። አታባሯት፣ አታሩጧት፤ ግማሽ ሳንባ ያላትን በግ መንደር ለመንደር ማሳደድ ብቻውን ይገድላታል። ከተኛች በጎኗ ሳይሆን በደረቷ አስተኟት፣ በጭድ ደግፏት። የደረቀ ንፍጥ አፍንጫዋን ከደፈነው ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉላት። ቀዳዳው እንዲከፈት ብቻ፣ ወደ ውስጥ ምንም አይጨመር። የታመመችውን መጨረሻ ላይ ተንከባከቡ፣ ከዚያ እጅ ይታጠብ።

ሐኪሙ በስልክ የሚጠይቃችሁ ይታወቃል። ስንት ቀን ሆናት? ስንቶቹ ታመሙ? ትንፋሿ ስንት ነው? ትበላለች? አዲስ በግ ገብቷል? ምን ሰጣችኋት? የመጨረሻውን አትደብቁ። ግታችሁ ከሆነ ንገሩት፤ ሕክምናው ይለያያል።

አዲስ በግ ስገዛስ?

ከገበያ የመጣች በግ ደክማለች፣ ከማታውቃቸው መቶ በጎች ጋር ተነፋፍሳለች። ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። የተደበቀ በሽታ በዚያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይወጣል።

ክትባቱም ከዚሁ ይያያዛል። ለፓስቱሬላም ለደስታ መሰልም ክትባት አለ። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታቸዋል፣ በወረዳው በኩል ይደርሳሉ። የደስታ መሰሉ ክትባት ቢያንስ ሦስት ዓመት ይከላከላል። ግን ክትባት መድኃኒት አይደለም። ዘበኛውን አስቀድሞ ማሠልጠን ነው፣ ሌባው ከገባ በኋላ አይረዳም።

ሞታ ብትገኝስ?

ሳንባዋን ከፍቶ ማየት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። እናንተ ግን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ። ድንገት የሞተች፣ ከአፍንጫ ወይም ከፊንጢጣ ጥቁር የማይረጋ ደም የሚወጣት ከሆነ አትንኳት፣ አትግፈፏት፣ አትብሏት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ይገድላል። ለእንስሳት ጤና ኬላው ነግራችሁ በጥልቀት ትቀበር።

በታረደች በግ ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካገኛችሁ ደግሞ ለውሻ አትጣሉት። ከውሻ አንጀት ዞሮ ወደ ሰው የሚመጣ ትል ነው። ይቃጠል ወይ ይቀበር።

አክስቴ በማግሥቱ ጧት ደወሉ። ዳለቻዋን ቆጥረዋታል፣ ደቂቃው ሲያልቅ 28ኛው ፍሬ ላይ ነበሩ። ትበላለች፣ ስትነዳ ግን ትስላለች። እየመሩ ወደ ክሊኒክ ወሰዷት፣ በጠጧን በፌስታል ይዘው። የሳንባ ትል ተገኘባት። አሁንም አልፎ አልፎ ትስላለች፤ የሞተው ትል ተጠርጎ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል።

ትናንት ደግሞ እንደገና ደወሉ፤ መንጋውን በሙሉ መቁጠር ጀምረዋል። «ግልገሏ 44 ሆነችብኝ» አሉ።

«ከመዝለሏ በፊት ነው የቆጠሯት ወይስ በኋላ?»

ትንሽ አሰቡ። «በኋላ።»

«ግልገል ትንፋሿ ከእናቷ ይፈጥናል። ጠብታ ስትተኛ እንደገና ይቁጠሯት።»

ማታ ልጁ መልእክት ላከልኝ፦ 31።